ሚስ ዳምጠው

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከኮዬ ወዲያ ማዶ፣
ባጃጅ ሲያጓራበት ጭቃው ላይ ተጠምዶ፣
ከብሎኬት ማምረቻው አጥሩን ተጋርቶ
አንድ ግቢ አለ፣ ቆርቆሮው ቢራቢሮ ተቀብቶ።
እዚያ ነኝ። አሥራ አንድ ሴት፣ አሥራ ሁለተኛው እኔ፤
ለሴት ተሰፍቶ፣ ትከሻው የጠበበኝ ሮዝ ጋዋኔ፤
ኪሴ ውስጥ ሶፍት፣ የተሰበረ ጠመኔ፣
የማን እንደሆነ ያላወቅኩት አንድ እግር ካልሲ።

ልጆቹ «ሚስ» ይሉኛል። ሚስ ዳምጠው።
«ሚስ፣ ነከሰኝ!» «ሚስ፣ ሽንቴ መጣ!» «ሚስ፣ ማሰሪያዬ ተፈታ!»
በመጀመሪያው ሳምንት «ቲቸር በሉኝ» አልኳቸው በእርጋታ፤
«እሺ፣ ሚስ!» አሉኝ፣ ሠላሳ አራት ሆነው፣ በደስታ።
ተውኩት።
ለእነሱ «ሚስ» ማለት ሴት ማለት አይደለም፤
ጫማ የሚያስር ሰው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጋሽ ቱፋ ዘበኛው
ጠዋት ጠዋት «ልጅ ልትወስድ ነው?» ይለኛል።
ይቀልዳል ብዬ እስቃለሁ።
ይቀልዳል?

ባለፈው ጥር ሽማግሌ ላክኩ፣ ገላን፣ እነ ጸዳለ ቤት።
«ሥራው?» አሉ አባቷ። «መምህር ነው።» «ተባረክ! የስንተኛ ክፍል?»
አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጋቢው ከትከሻው ዝቅ ሲል
«የ... የታችኞቹ» አለ።
«አንደኛ?» «ከዚያም ዝቅ ይላል።»
ከዚያ በታች ወለል እንደሌለ ሰው ሁሉ ያውቃል።
«እንግዲህ እናስብበት» አሉ።
እያሰቡበት ነው።

አብሮኝ የሠለጠነው መልሴ አራት ወር ቆየ፤
ደመወዙን አየ፣ የቤት ኪራዩን አየ።
ዛሬ ሲኖትራክ ይነዳል። «አሸዋ አያለቅስም» ይለኛል።
ግን በእኛ በር ሲያልፍ፣ ልጆቹ አጥሩ ላይ ሲንጠለጠሉ፣
አራት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል፣ እንዳልናፈቀው ሁሉ።

አንዲት እናትም መጥታ፣ ለዳይሬክተሯ በሹክሹክታ፦
«ልጄን ሽንት ቤት ወንድ አይውሰዳት።»
አልተቀየምኩም፤ የሚሰማው ወሬ ከባድ ነው፤ እኔም እህት አለኝ።
ግን ያን ቀን እጄን የት ላስቀምጠው? የገዛ እጄ እንግዳ ሆነብኝ።

ትናንት፣ ለወላጆች በዓል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣
«ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» እነሱ ሊሥሉ፣ እኔ ከሥሩ ልጽፍ።
ፓይለት። ዶክተር። ሌላ ፓይለት።
ሮባ፣ አባቱ ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ የሚገባው፣
ጋዋን የለበሰ ሰው ሥሏል፤ ሮዝ፤ ጢም አለው።
«ዶክተር ነው?» አልኩት።
«አይደለም። ሚስ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሠላሳ ሦስቱ መቀባት ቀጠሉ።
እኔ ብቻ ብዕር ይዤ ቆምኩ፤ አባቱ ታየኝ፣ አጎቶቹ ምን እንደሚሉ፤
የጸዳለ አባት ታየኝ፣ ያ «ተባረክ» ያሉት።
ከዚያ፣ ባማረ ጽሕፈት፣
«ዶክተር» ብዬ ጻፍኩለት።

ሮባ ገና አያነብም።
በሰኔ ያነባል።
የማስተምረው እኔ ነኝ።