የዘጠና ቀን እጅ

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ከአስፋልቱ ማብቂያ፣
የቆርቆሮ አዳራሽ፣ የብየዳ መማሪያ።
በሩ ላይ የጻፍኩት፣ በቀይ የተቀባ፦
«በዘጠና ቀናት ባለሙያ! ግባ!»

ሃያ አንዱን ቀን የጠፋ መብራት ወሰደው፤
ዘጠኙን ኤሌክትሮድ አልቆ፣ ወሬ ፈጀው።
የቀረው ስልሳ ነው። ስልሳ ቀን ለአንድ መስመር፣
እጅ ሳይንቀጠቀጥ ብረት ለማስተሳሰር።

ሲፈን ጎበዝ ናት። በሰባኛው ቀን
ቱቦላሬ ስትበይድ እንደ ጥልፍ አማረ፤
መዶሻ አንስቼ ከጎኑ መታ ባደርገው
ላዩ ብቻ ነበር፤ ቀጭ አለ፣ ተሰበረ።

አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችኝ።

ምን ልበላት?
እኔን ጋሽ ዘርጋው፣ ቃሊቲ፣ ስድስት ወር ጋራዥ አስጠረገኝ፤
ስድስት ወር ደግሞ መዶሻ አቀባይ አደረገኝ።
ዓመት ሲሞላ «በል ያዝ» አለ፤ ያኔም እጄን አልለቀቀም።
የመጥረጊያው ወራት ብክነት ይሁን ትምህርት፣
ዛሬም ልቤ አላወቀም።

በዘጠናኛው ቀን ወረቀት ሰጠናት፤ ማኅተሙ ደማቅ ነው።
በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍተው
ቆማለች፣ ውዳቂ ብረት በጆንያ ተሸክማ፤
«መክፈያ የለኝም። ከጥግ ልለማመድ፣ ጋሼ፤ መብራት ካለማ!»

ማዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ
የበረንዳ አጥር ተገጥሟል፤ ማን እንደበየደው ከዚህ አይታይ።
አንድ ሕፃን ወጣ፣ ሁለት እጁን ጣለበት፤
ትንፋሼን ዋጥኩ፣ እስኪመለስ ወደ ቤት።

ከዚያ ብሩሽ ይዤ «ዘጠና»ን አጠፋሁት፤
የሚተካውን ቁጥር ግን
ገና አልጻፍኩት።