የአሰብ ዕዳ

አባቴ ይማም፣
ባለ ተሳቢው፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲመላለስ ከባሕር፣
ጨው ጭኗል፤ ነዳጅ ጭኗል፤ ጎማና ስሚንቶ፤
በሚሌ፣ በባቲ፣ ኮምቦልቻ ገብቶ፣
ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ
ደሴን ስንት ሌሊት ከጉም ውስጥ ጎተተ።

ግን ዓሣ አልበላም።

ወደቡ አሸዋ ላይ ጣት የሚያካክሉ፣
ፀሐይ ስታገኛቸው ብር የሚመስሉ፣
ተሰጥተው ሲደርቁ፣ አፍንጫውን ይዞ
ያልፋቸው ነበረ፣ ቁርጡን አስቀድሞ አዝዞ፦
«ጮማ ይኑረው! በዳጣ!»

ዘንድሮ ልቡ አመፀ።
የቧንቧ ውሃን ዳገት ሦስቴ እየቆመ፣ እየተናነቀ፣
የሰው አጥር ይዞ በላብ ተጠመቀ።

ዶክተር ሰዓዳ ልጅ እግር ናት፣ ቁጥብ።
ወረቀቱን አየች፤ ደግማ አየች፣ በጥብ‍ቅ ልብ፦
«ጋሽ ይማም፣ ደምዎ ውስጥ ቅባቱ በዝቷል።
ክኒኑ አይረሳ። ጮማውና ቅቤው እስከ ዛሬ በቅቷል።
በእግር ይሂዱ።
በሳምንት ሁለት ቀን ዓሣ ይብሉ ደግሞ፣
ትንንሹን፣ ቅባታሙን፣ ከነአጥንቱ አላልሞ።»

ሳቀ አባቴ።
«ቅባት ተው ካልሽኝ፣ መልሰሽ ቅባት ብላ አልሽኝ?
መሪውን ይዘሽ ወዴት ነው የምትነጂኝ?»

«ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም።
ያኛው ብርድ ሲነካው እንደ ሻማ ይረጋል፤
ይህኛው ከቀዝቃዛ ባሕር ኖሮ እንኳ ይፈሳል።
ተአምር ግን አይደለም፤ ደርሶ አያድን በአንዴ፤
ክኒኑ ሾፌር ነው፣ ዓሣው ረዳት ነው እንዴ!»

«የሐይቁ ቆሮሶስ?»
«መልካም ነው እሱም፤ ግን ከሲታ ነው፣ አባ።»

እንዲህ ነው የሄድነው ከሉባባ ሱቅ፣ ከሰኞ ገበያ ጥግ፤
ከሳሙናው ጀርባ፣ ከሻማው በታች፣ አቧራ ለብሶ በወግ፣
የመዳፍ ስፋት ጣሳ።
ያ ሁሉ ባሕር ተጣጥፎ፣
ሐረጎን ያለ ተሳቢ አልፎ።

ቀለበቱን ሳበ።
አምስት ናቸው።
ራስ የላቸውም፤ ጎን ለጎን ተኝተው፣
ሚሌ ላይ፣ ሙቀቱ አናታቸውን በልቶት፣
አንድ አልጋ ላይ አምስት ሾፌር የተጋደመ መስለው።
አባቴ ቆጠረ።
«መሐለኛው እኔ ነኝ» አለ።

ጎረቤታችን ወርቂት በአጥር አሾለቀች።
ሁዳዴ ነው። «ይኼ ነገር ለጾም…» ብላ ተወች።
አንዱ ካህን ፈቅዶላት፣ ሌላው ከልክሏታል፤
ከሁለቱ መሐል ምራቋ ቀርቷል።
ድመቷ ግን ማንንም አልጠየቀች።

ሎሚ ጨመቀበት፣ ቃሪያ ከተፈበት፤
ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ኮሶ፣ በአንድ ትንፋሽ ዋጠበት።
ቆየ።
ዐይኑን ገለጠ።
«አጥንቱስ?»
«አብሽር፣ ብላው። ለአጥንትህ ነው» አልኩት።
ከጥርሱ ስር እንደ ኖራ ፈረሰ፤
ሁለተኛውን ማንም ሳይለምነው ጎረሰ።

አሁን ያንን ዳገት አንዴ ነው የሚቆመው።
እሱ «ዓሣው» ይላል፤
እኔ «እግርህ» እላለሁ፤
ዶክተሯ «ክኒኑ» ትላለች፣ ሦስታችንም ልክ ነን መሰል።
ማታ ግን፣ ጋቢውን ሲደርብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይላል፦
«ዕዳ ነው። ያኔ በነፃ ዘርግታ ስትሰጠኝ
አፍንጫዬን ይዤ አለፍኩ።
ባሕር አትቀየምም፤ ይኸው በጣሳ ላከችልኝ።»

ባዶዋን ጣሳ አይጥልም።
በሚስማር ይበሳል፣ አራት ቆርኪ ይገጥማል፣
ሽቦ ይጠመዝዛል፤
ለልጄ ለኢምራን መኪና ይሠራል።

ልጁ ምንጣፉ ላይ ሞተር በአፉ አስነሣ።
«ወዴት ነው?» አለው አባቴ።
«አሰብ!»
«ምን ጭነህ?»
«ባዶዬን ነው የምሄደው። ስመለስ ዓሣ።»

አባቴ ዝም አለ ጥቂት።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ድሮ ለረዳቱ እንደሚለው፣
«ሐረጎን ስትወርድ» አለው፣
«ማርሽ ቀንስ።»