የመመለሻ ቀን

አራት የውሰት መጻሕፍት በላስቲክ ጠቅልዬ
ትራም እጠብቃለሁ፣ ካፊያ ተጠልዬ።
ላይፕዚግ፣ የኅዳር ጧት፣ ከሌት ፈረቃ መልስ፣
ቀኑ ሳያልፍብኝ፣ መቀጫው ሳይደርስ።

ወይዘሮ አኔግሬት፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣
«እንዴት አገኘሃቸው?» ትላለች፣ መነጽሯ ወርዶ።
«ጥሩ ናቸው» እላለሁ። ሁሌም ይኸው ነው መልሴ፤
እውነቱን ግን ልንገረው፣ ለትራም መስኮት፣ ለራሴ።

ወፍራሙ፣ ወርቃማ ማኅተም ያለበት፦
ሰውየው ሊሸጥ ነው የሟች አባቱን ቤት።
ገጽ ሰማንያ ላይ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤
ሁለት መቶ ደረስን፣ ገና በሩ ጋ ነው፣ ዝናብ መጣ፤
ስለ ዝናቡ አርባ ገጽ።
እኔ አልጋ እየገፋሁ በሆስፒታል ኮሪደር
በአንድ ሌት ስንቱን ሰው አሳልፋለሁ፣ በስንት በር!
ዳኞቹን አከብራለሁ። ግን አንብበውት ይሆን?

የወንጀል ልቦለዱ ርካሽ ነው፤ አላፍርም፣ ወደድኩት።
ገዳዩን፣ የጥርስ ሐኪሙን ወንድም፣ ገጽ ሠላሳ ላይ ጠረጠርኩት፤
ቢሆንም ሦስት ፌርማታ አለፈኝ፣ በእግሬ ተመለስኩ፣
እየሄድኩም አነበብኩ።

የንቡ መጽሐፍ ደግሞ፣ የጡረተኛ መምህር ሥራ፣
የማይቀባ፣ የማይኳል፣ በማያውቀው የማይኮራ፦
«ንግሥቷ የሞተች ለት የቀፎው ድምፅ ይለወጣል።»
ይኸው ነው። ቀጥሎ ስለ ሰም ዋጋ ይተርካል።
በዚያው ሳምንት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ካንዲት አሮጊት ደጃፍ
ልጆቿ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ቆምኩ። አቃተኝ ማለፍ።

አንዱ ግን የውሰት አይደለም፤ ይኄይስ ከብራሰልስ የላከልኝ፣
የራሱ ግጥሞች፣ «ለወንድሜ» ብሎ የፈረመልኝ።
በስልክ «እጅህ ይባረክ» አልኩት። ዋሸሁት።
ሰሙን አቀለጥኩት፣ አቀለጥኩት፤ ወርቁን አጣሁት።
አንዲት ብቻ፣ ስድስት ስንኝ፣ ስለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣
በቃሌ ይዣታለሁ። እሷን እንኳ ብነግረው ምን ነበር!

የቀረችው ቀጭኗ ናት። ደራሲዋ አስተኛኝ፤
ኅዳጉ ላይ ያለው እርሳስ ግን ቀሰቀሰኝ።
ከኔ በፊት የተዋሳት ሰው፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«ውሸት!» «አክስቴም እንዲህ ነበረች።» «ይህን ዝለሉት።»
ዘለልኩ። ተከራከርኩት። ሳቅኩ አብሬው፣ በሻይ ሰዓት።
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ እርሳሱ ቀጥ አለ፤
ሰለቸው? ወይስ እኔው አልጋውን ገፋሁት? ማን አስተዋለ?
ብቻዬን ጨረስኳት፤ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ
በአማርኛ ጻፍኩለት፣ እርሳስ ከኪሴ ፈልጌ፦
«እኔ ዘልቄያታለሁ። ምንም አልቀረብህ።»

ትራሙ አደረሰኝ። አኔግሬት መጨረሻውን ገለጠች፤
ፊደሎቹን አይታ ጣቷን አሳረፈች።
«ይህ ምን ይላል?» አለች።
ላጲሷ እጇ ላይ ነው።
«ጥሩ መጽሐፍ ነው» ነው የሚለው።