የባትሪው ሂሳብ

«አስራ አንድ ሰዓት ሲል ቆልፍ» ይላል መመሪያው፤
ቁልፉ ግን እኔ ጋ፣ ብርዱም እኔው ጋር ነው።
በመሀል ሜዳ ላይ ጉሙ ሲንከባለል፣ ማታው ሲመጣ
ከአስራ ሁለተኛ «ለ» አንድም ልጅ አይወጣ።

መምህር ሽመክት ጠመኔውን ሰብሮ
ግማሹን ለነገ ኪሱ ውስጥ ቀብሮ
ያስረዳል፤ አበል የለው፣ የሚቆጥርለት የለው።
«ማጠናከሪያ» ይሉታል፤ እኔ ግን የማየው
የታመመ ሰው ገብስ በጅጌ ሲታጨድ ነው።

ማንያህልሻል ከፊት ናት፣ የወንድሟን ካፖርት ደርባ፤
ቤቷ ከጓሳ ግርጌ ነው፤ ቅዳሜ ለስንቅ ሄዳ፣ እሁድ ማታ ነው የምትገባ።
የበሶ ዱቄት ደብተሯ ላይ አለ። አምና ሒሳብ ጥሏታል፤
ዘንድሮ ስትታገለው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ በመስኮት ይታየኛል።

አንድ ማታ መብራት ሄደ።
ማንም አልተነሳ፤ ጠመኔው ብቻ፣ በጨለማ፣ ሰሌዳው ላይ ሲንቋቋ ወረደ።

የጥበቃ ባትሪዬን፣ የፈረምኩበትን፣
በተሰበረው መስኮት አስገብቼ ያን ቁጥር፣ ያን ፊደል፣ ያን ቅንፉን
አበራሁላቸው። አንዱ ክንዴ ሲዝል በሌላው።
ያን ሰዓት ሌባ ቢመጣ፣ የሚሰርቀው ጨለማ ነው።

እንዲህ ሆነ ሰኞ፣ እንዲህ ሆነ ሐሙስ፤
ድንጋዩ አለቀ። የንብረት ክፍሉ ጥላዬ፣ መነጽሩን እያበሰ ሲወቅስ፦
«ሁለት ጥንድ በወር! ሌላ ጥበቃ እንዲህ አይፈጅም፤
ምን ፍለጋ ነው?»
«ኤክስን» አልኩት። «እስካሁን አልተገኘም።»

ሳቀ፣ ወይ ሳለ፤ አልለየሁትም። ብቻ ፈርሞ ሰጠኝ።
ማታ ማንያህልሻል፣ ቀና ሳትል፣
«አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ» አለችኝ።