ሰኞ፣ ባቲ ላይ

ሰኞ ነው፤ ግመሉ ጨዉን አራግፏል፤
የባቲ ገበያ ከነአቧራው ሱቄ በር ደርሷል።
ይመር ወረቀት ይዞ ደጄ ላይ ቆመ፤
አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመ።

«ጦይባን ሊፈቱልኝ ነው፣ ከባሕሩ ማዶ፤
አገሩ ያንን ሰው በምትኳ ሊወስድ ወዶ።
አንተ ካልፈረምህ ግን አይሆንም ብለዋል።»

ስሙን አልጠራውም። እኔም አልጠራሁት።
እብሬን ከሠላሳ ጎረምሳ ጋር ጀልባ ላይ የጫነው፣
ማዕበል ሲነሣ «ዝለሉ!» ያላቸው።
ደሴ ወህኒ መኖሩ ነበር ሌሊት የሚያስተኛኝ፤
አሁን በአውሮፕላን ሊሸኙት ነው፣ እኔን አስፈርመውኝ።

ሹሙ በስልክ «ለዜጋችን ስንል» አሉኝ።
እብሬስ የማን ዜጋ ነበር?
ነገ ሌላው ደላላ ሰምቶ ሒሳቡን ይሠራል፤
አንዲት የድሃ ልጅ ማሳሰር ስንት ነፍሰ ገዳይ ያስፈታል?

ይህ ሁሉ አፌ ላይ ነበረ።
ግን ይመር ነው፤
የእብሬን ሬሳ የሌለው ለቅሶ
አርባ ቀን አብሮኝ የተቀመጠው።
ጦይባም የገደለችው የለም።

አውራ ጣቴን ቀለም ነከርሁ።

ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት ሴት መጣች፤
ሁለት ቁና ማሽላ ሰፈርሁላት።
«ጎደለ» አለች።
አልተከራከርኋትም።