ሦስት ድል፣ አሥራ አንድ ሽንፈት

ግምቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አታስቡ፤
«ሦስት ድል፣ አሥራ አንድ ሽንፈት» ይላል መዝገቡ።
ቤርሳቤህ ተምሬ፣ ቁጥርን አምኜ፣
ገና ሳይጫወት ቡድኑን ከፍኜ
ላክኩት ለፈንታነሽ፤
«ዘንድሮ ከስድስት ቡድን ስድስተኛ ነሽ።»

አነበበችና ወረቀቱን አጥፋ
እግሩ ያጠረውን ጠረጴዛ በሱ አቆመች ደግፋ።
ጠረጴዛው ቆመ።
የኔ ግምት ያን ቀን ለዚያ ብቻ ጠቀመ።

ቀን የሱፐርማርኬት መጋዘን ቆጣሪ፣
ማታ ማታ ደግሞ የቤዝቦል አስተማሪ፤
ቂርያት ጋት ዳርቻ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ሣሩ በፀሐይ ግማሽ ጎኑ ነዶ፣
ሦስት የመብራት ምሰሶ፤ ሁለቱ አይበሩ፤
እዚያ ነው የምትፈልገው ኳስ ከእሾህ አጥሩ።

«ገንዘብ የለኝ» አለች፤ «ስመ ጥር የለኝ፤
ሌሎች የሰረዙትን ስም ብቻ አሳየኝ።»
ገበሬ አጭዶ ሲሄድ ከኋላው እንደምትለቅም
ወጣች ለቃርሚያ፤ እኔም ተከተልኳት፣ ስህተቷን ላርም።

ገበያ ላይ፣ ረቡዕ፣ ከጭነት መኪና
ሐብሐብ ሲወራወሩ አየች ቆመችና፤
ቫክኒን አንዱን አይጥል። ሲጋራው ከአፉ ሳይወጣ
ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ከላይ የመጣ ቢመጣ።
«ሐብሐብ ያልጣለ እጅ ኳስ እንዴት ይጥላል?»
የቀላቢ ጓንት ሰጠችው፤ ጓንቱ ዛሬም ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል።

ግሪሻ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ግራኝ ነው፤ ጉልበቱ የላላ፤
«ኳሱ ቢራመድ ይሻለዋል» ብዬ ቀለድኩ ከኋላ።
«ፈጣኑን ሁሉም ለምዷል፤ የሱን ማን ያውቀዋል?
መቺው ሰንዝሮ ሲጨርስ፣ ኳሱ ገና ይመጣል።»

እንግዳው ላይ ግን ተጣላን።
ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፤ ሩጫው የአዛውንት፤
«አይመታም» አልኳት፤ «እይው ቁጥሩን፤ ስድሳ ኳስ፣ ሁለት ምት።»
«ማን ይምታ አለው?» አለች። «ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ
አሥራ አራት ዓመት ጠበቀ፣ ‹ስምህ ይጠራል› ተብሎ።
የማይሆነውን ያውቃል፤ እጁን አይዘረጋም፤
አራት መጥፎ ኳስ ያሳለፈ ሰው ቤዝ ለመርገጥ ሩጫም
ምትም አያሻውም።»

ሰንጠረዤን ገለጥኩ፦ ለፍጥነት ዓምድ አለ፣ ለቁመት፣ ለክብደት፤
ለመጠበቅ ግን የለም፤ አላሰመርኩለት።

አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን።
(ደስ ብሎኝ ነበር። ልናገረው። አመሻሹን
ብቻዬን ቁጥሬን ሳየው፣ ልክነቱን፣ ማማሩን።)

ከዚያ አምስተኛውን በአንድ ነጥብ። ስድስተኛውን በአንድ።
ሰባተኛውን በሐሩር ነፋስ፣ አቧራ ውስጥ፣ እንደ ምንም፣ በግድ።
ግሪሻ ጉልበቱ በሐምሌ ተበጠሰ፤ ያን እንኳ ተንብዬው ነበር፤
ማንም አልጠየቀኝ። እሱ ከወንበሩ ሆኖ ለወጣቶቹ መዘግየትን ያስተምር ጀመር።

የመጨረሻው ቀን፤ ቤት ሼሜሽ። እኩል ለእኩል ነን።
ሦስቱም ቤዝ ላይ ሰው ቆሟል፤ ተራው የእንግዳው ሲሆን
«ምታ!» ይላል ሕዝቡ፣ በዕብራይስጥ፣ በሩስኛ፣ ባማርኛ፤
አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ላይ፦ «ምታው እንጂ፣ አንተ ዳተኛ!»
አንድ ኳስ አለፈ። እንግዳው ቆመ።
ሁለተኛው። ዱላው ትከሻው ላይ እንደተጋደመ።
ሦስተኛው ወደ መሬት።
አራተኛው ከጉልበቱ በታች፣ በአንዲት ጣት ውፍረት።
ዳኛው ክንዱን አላነሣም።
እንግዳው ዱላውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ አልጮኸም፣ አልተነሣሣም፤
ሄደ፣ ቢሮ ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ሰው፣ ሸሚዙን እያስተካከለ፤
ከሦስተኛው ቤዝ ልጁ ተራምዶ ገባ። ድሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ምን አለ።

ስምንት ድል፣ ስድስት ሽንፈት።

በማግስቱ ቢሮዋ ሄድኩ፣ ወረቀቴን ልወስድ፤
ልቀደው ይሁን ላርመው አላወቅኩም፤ ተንበረከክኩ ከጠረጴዛው እግር ዘንድ።
ዓይኗን ከደብተሩ ሳትነቅል፣ ዕቃ እየቆጠረች፣
«ተው፣ አትንካው፤ ጠረጴዛው ይወድቃል» አለች።