ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ እሪ በከንቱ ጥግ፣
ቤት ልመዘግብ ወረድኩ፣ በብብቴ ይዤ ሕግ።
ሕግ ማለት ያን ቀን፦
የቆርቆሮ ታፔላ፣ አራት ምስማር፣ የተበደርኩት መዶሻ፣
ባለ ሦስት ገጽ ቅጽ፣ የደረቀ ማኅተም፣ ሰባት ብር ለታክሲ መመለሻ።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሳቀብኝ።
«ስሙ እኮ ይነግርሃል፤ እዚህ ሰፈር የጮኸ ሰው መልስ አያገኝም፣
አንተ ደግሞ በቆርቆሮ ልትጮህ መጣህ?»
አልመለስኩለትም።

ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ ጭቃና ጥድ፤
በረንዳው ወደ ውጭ ዘንበል ያለ፣
ሊወርድ ተነስቶ ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው መሐል መንገድ።
ያሠራው ነጋድራስ ነው ይላሉ፤ አይ፣ ቆዳ ነጋዴ ነው ይላሉ።
«የግንባታ ዘመን» ከሚለው ፊት «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ፣
የሽማግሌ ስም ፊቱ ቆሜ የረሳሁ ያህል አፈርኩ።

ዘጠኝ አባወራ፣ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፤
አዳራሹ በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ፣
የኮርኒሱ የእንጨት አበባ
ከመሐል ተገምሶ፦ ሰባቱ ቅጠሎች ወይዘሮ አሰገደች ክፍል አሉ፣
አምስቱ ጎረቤት ናቸው።
«አበባ ተካፍለን ነው የኖርን» አሉ።

ታፔላውን ከበሩ አናት መታሁት፤ ሰበሰብኳቸውና አንቀጹን አነበብኩ፦
ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መጨመር፣ መቀነስ፣ ቀለም መለወጥ፣
ምስማር መምታትም ሆነ መንቀል ያስቀጣል።
ሁሉም ጸጥ።
«አሁን አንተ የመታኸውስ?» አለኝ አንድ ልጅ ከደረጃው ሥር።
አልሰማሁም መሰልኩ፤ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ ያልጠፋ ብዕር።

ሲበተኑ ወይዘሮ አሰገደች ቀሩ።
ባልዲያቸውን አሳዩኝ፣ እስከ ግማሽ የሞላ።
«ልጄ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ያንተስ ሕግ ያፈሳል?»
«ማመልከቻ ያስገቡ» አልኩ፤ አልነበረኝም ሌላ መላ።

አስገቡ።
ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ እኔ ጠረጴዛ፣
ከእኔ ወደ ኮሚቴ፤ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አጣ፣
ወረቀቱ ከእጅ እጅ ሲዞር ወዛ።
በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ
«ቆርቆሮው የቤቱ ዘመን ዓይነት ከሆነ ይፈቀዳል» ተባለ፤
ምናለሽ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞርኩ፣
ያን ዓይነት አይቶ የሚያውቅ እንኳ የለ።

ግራና ቀኙ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡት ሁሉ፣ ፈረሱ።
በአንድ ጠዋት። ቅጽ ሳይሞላ፣ ማኅተም ሳይደርቅ።
ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ብቻውን ቆሞ ቀረ፤
ትንሽ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ ዝናብ ጀመረ።

በነሐሴ ለቁጥጥር ተመለስኩ።
ከበሩ አናት ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ።
የቅጣቱን ቅጽ አወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ተለማመድኩ የቁጣዬን መክፈቻ።

ወይዘሮ አሰገደች አልተነሱም። በአገጫቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ።
ከሰባቱ ቅጠሎች መሐል፣ ኮርኒሱ ከበሰበሰበት፣
ዙሪያውን በሬንጅ ተለስኖ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፦
ይህ ቤት በሕግ የተጠበቀ ነው።
ከላይ ዶፉ ይወቅጠዋል።
ከታች ባልዲው ደርቆ ሽንኩርት ተቀምጦበታል።

«ሁለት ዓመት ጠበቅነው» አሉ፤ «አሁን እሱ ጠበቀን።»

ቅጹ ይጠይቃል፦ ታፔላው በቦታው አለ?
አዎ። የለም። ሁለት ሳጥን።
አዎ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ መስመሩ የሳጥኑን ጠርዝ አለፈ።
ያኔ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ፣ በአምስቱ ቅጠል በኩል፣
አንድ ጠብታ ጣሳ ላይ አረፈ፤
ሌላ ደገመ፤ ከዚያ የጎረቤት ድምፅ፦
«የኔ ወንድም፣ ትርፍ ታፔላ የለህም?»